ጠቋሚ መሣሪያና የብስክሌት ስርቆት

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ብስክሌት የሰው ልጅ በገዛ ጉልበቱ ከሚንቀሳቀስባቸው መጓጓዣዎች ሁሉ በጥቂት ድካም ብዙ መንገድ የሚያስኬደው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 በኮቬንትሪ ከተማ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት፣ ተመጣጣኝ የሆኑ ሁለት ጎማዎችና የኋላውን ጎማ የሚያዞር ሰንሰለት አድርጎ ካወጣው ወዲህ፣ የመሣሪያው መሠረታዊ ቅርጽ እምብዛም አልተለወጠም። ቀላል ነው፤ ነዳጅ አይጠይቅም፤ መንጃ ፈቃድ አያሻውም፤ ሲበላሽም በትንሽ መፍቻ ይጠገናል። ይሁን እንጂ ለባለቤቱ የሚመቸው ይህ ሁሉ ጠባይ ለሌባም የሚመች ነው። አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል፤ የሞተር ማስነሻ ሳይፈልግ ተቀምጦበት ይሄዳል፤ በብዙ አገር የባለቤትነት ደብተር ስለማይጠየቅበት በዚያው ቀን ይሸጠዋል፤ ሙሉውን መሸጥ ቢያሰጋው ደግሞ ፈታትቶ ቴላዮውን፣ ቸርኬውንና ኮርቻውን ለየብቻ ይቸበችበዋል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት፣ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስርቆቱ ጉዳት በብስክሌቱ ዋጋ ብቻ አይለካም። ጣሊያናዊው የፊልም አዘጋጅ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያወጣው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው ፊልም ይህን በሚገባ ያስረዳል። አንቶንዮ የተባለው ሥራ አጥ በሮም ከተማ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ሚስቱ የአልጋ ልብሳቸውን በመያዣ ሰጥታ፣ ቀደም ሲል በመያዣ የተያዘውን ብስክሌት ታስለቅቅለታለች፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ግን ብስክሌቱ ይሰረቃል። አባትና ልጅ በየገበያው ሲፈልጉ አንድ ቴላዮ ያጠራጥራቸውና ሕግ አስከባሪ ጠርተው የተቀረጸበትን ቁጥር ያስመረምራሉ፤ ቁጥሩ ግን የእነርሱ አይደለም። በመጨረሻ አንቶንዮ ሌባውን ራሱን በሰፈሩ ያገኘዋል። ሕግ አስከባሪው ገብቶ ቤቱን ይፈትሻል፤ ብስክሌቱም የለም፣ ምስክርም የለም፤ ስለዚህ ሌባው በነፃ ይቀራል።

ዛሬ አንድ ባለ ብስክሌት ከብር ሳንቲም እምብዛም የማይበልጥ መሣሪያ ከኮርቻው ሥር ደብቆ፣ ብስክሌቱ የት እንዳለ በስልኩ ላይ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ የአንቶንዮ ችግር የተፈታ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ አንቶንዮ ሌባውን አግኝቶት ነበር፤ ያቃተው ማስረዳት ነበር። የዚህ ንግግር ዋና አሳብም ከዚሁ ይነሣል። ጠቋሚ መሣሪያ ከዘብ ይልቅ የምስክርነት ሥራ ይሠራል። ምስክርነቱም ዋጋ የሚኖረው ቁልፍ ሌባውን ሲያዘገይለት፣ መዝገብ ቃሉን ሲያጸናለትና ቃሉን ሰምቶ የሚፈጽም ሕግ አስከባሪ ሲኖር ነው።

1. ስለ ቁልፍ

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቁልፍ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጠቋሚ መሣሪያ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ቁልፉን ችላ ማለት ስለሚዳዳው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የፈረስ ጫማ ብረት የሚመስል ወፍራም የብስክሌት ቁልፍ መሥራት የጀመረው ክሪፕቶናይት የተባለው ኩባንያ፣ የቁልፉን ብርታት ለማስመስከር በኒው ዮርክ ግሪኒች ቪሌጅ ሰፈር አንድ ብስክሌት ለ30 ቀናት መንገድ ዳር አስሮ ተወው። ሌቦቹ ሊፈታ የሚችለውን የብስክሌት ክፍል ሁሉ ወሰዱ፤ በቁልፉ የተያዘው ቴላዮ ግን ባለበት ቀረ። ሆኖም በ2004 ከዚሁ ኩባንያ ቁልፎች መካከል ክብ የቁልፍ ቀዳዳ ያላቸው፣ በተራ የእስክርቢቶ ቀፎ ሊከፈቱ እንደሚችሉ ታወቀና ኩባንያው የሸጣቸውን ቁልፎች በሌላ ለመለወጥ ተገደደ። ዛሬ ደግሞ በሊትየም ባትሪ የሚሠራው ግራይንደር የተባለው የብረት መቁረጫ በየሱቁ ስለሚገኝ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው የተጠናከረ ብረት እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቁልፍ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የቁልፍ ብርታት የሚለካው በደቂቃ ነው። ሌባን ፈጽሞ የሚከለክል ቁልፍ የለም፤ ሌባን የሚያዘገይ፣ እንዲጮህበትና ሰው እንዲያየው የሚያደርግ ቁልፍ ግን አለ። ስለዚህ ሰው በሚተላለፍበትና ብርሃን ባለበት ስፍራ፣ ከማይነቀል ብረት ጋር፣ ቴላዮውንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ይዞ የታሰረ ብስክሌት፣ ብዙ ሌባ አይቶ የሚያልፈው ብስክሌት ነው። ጠቋሚ መሣሪያ ሥራውን የሚጀምረው ቁልፉ ከተሸነፈ በኋላ ነው።

2. ጠቋሚ መሣሪያ እንዴት ይሠራል?

በገበያ ላይ ያሉት ጠቋሚ መሣሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ያለበትን ስፍራ በሳተላይት አማካይነት ራሱ አስልቶ በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ለባለቤቱ የሚልክ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ያለበትን ስፍራ ራሱ የማያውቅ፣ ነገር ግን በአጠገቡ የሚያልፉ የሌሎች ሰዎች ስልኮች የሚያውቁለት ነው።

የመጀመሪያው ወገን መሠረት ጂፒኤስ የተባለው ሥርዐት ነው። ሥርዐቱ በ1973 በአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ታቅዶ፣ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ከተወነጨፈ በኋላ በ1995 ሙሉ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ለሰላማዊ ተጠቃሚዎች ሆነ ተብሎ ይጨመር የነበረው ስሕተት በግንቦት 2000 ከተነሣ ወዲህ፣ በገላጣ ሰማይ ሥር ያለ ተራ ተቀባይ ስፍራውን በጥቂት ሜትር ልዩነት ማወቅ ይችላል። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ እያንዳንዳቸው ሰዓታቸውንና ስፍራቸውን ይናገራሉ፤ ተቀባዩም የራዲዮው ሞገድ የዘገየበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ሞገዱ በአንድ ማይክሮ ሰኮንድ 300 ሜትር ስለሚጓዝና የተቀባዩ ሰዓት ርካሽ ስለሆነ፣ ሦስቱን የስፍራ ልኮችና የሰዓቱን ስሕተት አንድ ላይ ለመፍታት ቢያንስ 4 ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ ከሳተላይቱ ምድር የሚደርሰው ኃይል ከአንድ ዋት አሥር ሚሊዮን ቢሊዮንኛው እጅ ያህል ነው። ይህን የመሰለ ደካማ ሞገድ ቆርቆሮ ጣራ፣ ምድር ቤት ወይም የጭነት መኪና ሣጥን በቀላሉ ይጋርደዋል። ሁለተኛ፣ የጂፒኤስ ተቀባይ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ስፍራውን ለባለቤቱ ለማድረስ የስልክ ካርድና የስልክ መረብ ያስፈልገዋል፤ ወርኃዊ ክፍያም ይኖረዋል። መረቡ ሲቀየርም መሣሪያው አብሮ ይሞታል። በየካቲት 2022 ከአሜሪካ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች አንዱ የሦስተኛውን ትውልድ መረብ ሲዘጋ፣ በዚያ መረብ ብቻ ይናገሩ የነበሩ መሣሪያዎች ድምፃቸው ጠፍቷል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የባትሪው ጉዳይ ነው። አንድ የጂፒኤስ ተቀባይ በሥራ ላይ ሳለ ከ20 እስከ 30 ሚሊ አምፔር ይወስዳል ቢባል፣ 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዘው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ከ10 ሰዓት ያህል የበለጠ አይቆይለትም፤ በስልክ መረብ ለመናገር የሚፈጀው ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለሆነም ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ይበልጥ የሚስማማው ትልቅ ባትሪ ለተሸከመው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። ለተራው ብስክሌት ሲሆን መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ፣ ብስክሌቱ ሲነቃነቅ ብቻ እንዲነቃ ተደርጎ ይሠራል።

ሁለተኛው ወገን ይህን የባትሪ ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። በሚያዝያ 2021 አፕል የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤርታግ፣ በሚያዝያ 2024 ጉግል በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የዘረጋው መረብ የሚያገለግላቸውም መሣሪያዎች፣ በብሉቱዝ ሞገድ አጭርና ደካማ ምልክት በየጊዜው ይለቃሉ። በአጠገብ የሚያልፍ የማንኛውም ሰው ስልክ ምልክቱን ሰምቶ፣ የገዛ ራሱን ስፍራ በምስጢር ጽሕፈት ቆልፎ ያስተላልፋል፤ ከባለቤቱ በቀር የሚፈታው የለም። በዚህ ዘዴ ያው የሳንቲም ባትሪ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ዘዴው በጥንቱ የአገራችን ባህል አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባል ከነበረው ሸንጎ ጋር ይመሳሰላል። በአውጫጭኝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደድ ነበር፤ በዚህኛው ደግሞ ስልክ የያዘ መንገደኛ ሁሉ ራሱ ሳያውቀው ይመሰክራል። ይሁን እንጂ አውጫጭኝ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ እንደማይሠራ ሁሉ፣ ይህም መሣሪያ የሚያውቀው ዓይነት ስልክ በማያልፍበት ስፍራ ዲዳ ነው። ከዚህም በላይ በካርታው ላይ የሚታየው ስፍራ የብስክሌቱ ሳይሆን የሰማው ስልክ ስፍራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የሁለቱም ወገን መሣሪያዎች በብረት ውስጥ ከተቀበሩ ሞገዳቸው ይታፈናል። ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም በተሠራ ቴላዮ ሆድ ውስጥ የተጣለ መሣሪያ ሌባ አያየውም፤ ባለቤቱም አይሰማውም። የካርቦን ቃጫም ቢሆን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ ሞገዱን ይጎዳል። ስለዚህ የሚሻለው ከኮርቻው ሥር ወይም ከውኃ መያዣው በስተኋላ፣ ፕላስቲክ በሸፈነው ስፍራ፣ በተራ መፍቻ በማይፈታ ቡሎን ማሰር ነው።

3. የኔዘርላንድ ልምድ

እነዚህ መሣሪያዎች በተግባር ምን እንዳስገኙ ለመመልከት ከኔዘርላንድ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። 18 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባለባት በዚያች አገር የብስክሌቱ ቁጥር 23 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። ስርቆቱም እንደ ብስክሌቱ ብዛት ነው።

የኔዘርላንድ ፖሊስ ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱ ማጥመጃ ብስክሌት ነው። ፖሊስ ጠቋሚ መሣሪያ የተደበቀበትን የራሱን ብስክሌት ስርቆት በሚበዛበት ስፍራ አስሮ ያቆማል፤ ብስክሌቱ ሲንቀሳቀስ ምልክቱ ለፖሊስ ይደርሳል፤ ሌባውም ገና በብስክሌቱ ላይ ሳለ ይያዛል። ይህ ዘዴ የሚሳካበትን ምክንያት መመርመር ጠቃሚ ነው። መሣሪያው ከሌሎቹ ጠቋሚዎች የተለየ ጥበብ የለውም። ልዩነቱ ግን ባለንብረቱ ራሱ ፖሊስ መሆኑ፣ ብስክሌቱ ከቆመበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ተያዘበት ድረስ ማስረጃው ሳይቋረጥ መመዝገቡ፣ ምልክቱንም የሚጠብቅ ሰው ተመድቦ መቀመጡ ነው። በሌላ አነጋገር ምስክሩ ሲናገር የሚሰማው ዳኛና የሚፈጽም ክንድ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ተራው ባለ ብስክሌት ግን ይህ ሁሉ የለውም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሞከረው በ2009 በአምስተርዳም የተቋቋመው ቫንሙፍ የተባለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሠሪ ነበር። ኩባንያው መሣሪያውን ከቴላዮው ውስጥ ከብስክሌቱ ጋር አዋህዶ ሠራ፤ ተጨማሪ ክፍያ ለከፈለ ደንበኛም ብስክሌቱ ቢሰረቅ አዳኝ የተባሉትን ሠራተኞቹን ልኮ እንደሚያስፈልግለት፣ ካልተገኘም ሌላ እንደሚተካለት ቃል ገባ። አዳኞቹም ብዙ የተሰረቁ ብስክሌቶችን አስመልሰዋል። ነገር ግን በሐምሌ 2023 ኩባንያው ከሰረ። ብስክሌቶቹ የሚከፈቱትና የሚስተካከሉት ከኩባንያው ኮምፒዩተር በሚመጣ የምስጢር ቁልፍ ስለነበረ፣ ባለቤቶቹ ኮምፒዩተሩ ቢዘጋ በገዛ ብስክሌታቸው መገልገል እንዳይሳናቸው ሠጉ። ተወዳዳሪው የቤልጅግ ኩባንያ እንኳ ደንበኞቹ ቁልፋቸውን ቀድተው የሚያስቀምጡበትን ፕሮግራም በነፃ አደለ። በኋላም አንድ የእንግሊዝ ድርጅት ቫንሙፍን ገዝቶ ሥራው ቀጠለ። ሆኖም ለመሐንዲስ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የንብረት ጥበቃ በአንድ ነጋዴ ዕድሜ ላይ ከተንጠለጠለ ጥበቃው ከነጋዴው በላይ አይኖርም።

4. ነጥቡ ምን ያህል ይሰፋል?

በስልክ ካርታ ላይ የሚታየው ምልክት ትንሽ ነጥብ ነው። ዐይን ነጥቡን አይቶ «ብስክሌቱ ይኸውና በዚህ ቤት አለ» ብሎ ይፈርዳል። ስሌቱ ግን እንዲህ አይልም። ስሕተቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ በዚህ ስፋት የሚከበበው ቦታ 1,256 ካሬ ሜትር ነው። ይህም 100 ካሬ ሜትር ይዞታ ባላቸው ቤቶች በተጨናነቀ ሰፈር ከ10 ቤት በላይ ማለት ነው። ሕንፃው ፎቅ ከሆነ ደግሞ፣ ካርታው ከፍታን ስለማያሳይ፣ ቁጥሩ በየደርቡ ይባዛል።

በአገራችን ቀድሞ ሌባሻይ የሚባል ሥርዐት እንደነበረ ይታወቃል። ለአንድ ብላቴና መድኀኒት አጠጥተው፣ ጢስ አጢሰውለት ሲሰክር ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳ ይጣልበት ነበር። ሥርዐቱ የቀረው ቤት መጠቆም ሰው ማስረዳት እንዳልሆነ ስለታወቀ፣ ንጹሕ ሰውም ስለተጎዳበት ነው። ጠቋሚ መሣሪያ ስካር የለውም፤ የሚናገረውም በስሌት ነው። ነገር ግን የስሕተቱን ስፋት ሳይጠይቅ ነጥቡን ብቻ ይዞ የጎረቤትን በር የሚደበድብ ሰው፣ በአዲስ መሣሪያ የድሮውን ሌባሻይ ይመልሳል። ብስክሌቱ በቤቱ ቢገኝ እንኳ ባለቤቱ ሌባው ራሱ ነው፣ ወይስ ሳያውቅ የገዛ ነው፣ ወይስ ተከራዩ በግቢው ያስቀመጠበት ነው የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ከዚህም ሌላ ብቻውን የሄደ ባለንብረት ሊጎዳ ይችላል። የአንድ ብስክሌት ዋጋ ደግሞ የሰው ደም ዋጋ አይሆንም።

ስለዚህ ነጥቡን ያየ ሰው ሊያደርግ የሚገባው፣ ምልክቱ የታየበትን ሰዓትና ስፍራ መዝግቦ፣ የግዢ ደረሰኙንና የቴላዮውን ቁጥር ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ነው። ፖሊሱም በበኩሉ ነጥቡ ለምርመራ መነሻ እንጂ የፍርድ መደምደሚያ አለመሆኑን የሚያውቅ፣ ነገር ግን ችላ የማይለው መሆን ይኖርበታል።

5. ሰውን ወይስ ዕቃን?

አሁን ከሁሉ የሚያስቸግረው ነገር ላይ ተደርሷል። ከብስክሌት ኮርቻ ሥር የሚደበቅ መሣሪያ ከሴት ቦርሳ ውስጥም ይደበቃል። ብስክሌት የት እንደዋለ የሚናገር መሣሪያ፣ ከክፉ ባሏ ሸሽታ የወጣች ሴት የት እንዳደረችም ይናገራል። ይህ በግምት የተባለ አይደለም፤ ኤርታግ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መሣሪያው ያለፈቃዳቸው የተጣለባቸው ሰዎች ለፖሊስ ማመልከት፣ በፍርድ ቤትም መክሰስ ጀምረዋል።

አምራቹ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ መሣሪያው ከባለቤቱ ተለይቶ ከሌላ ሰው ጋር ሲጓዝ ራሱን እንዲያጋልጥ ማድረግ ነበር። በመጀመሪያ ከ3 ቀን በኋላ እንዲጮህ ተደርጎ ነበር፤ በሰኔ 2021 ግን ጊዜው ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው መካከል እንዲሆን አጠረ። በተንገላታው ሰው ስልክ ላይም ማስጠንቀቂያ እንዲደርስ ተደረገ። በግንቦት 2024 ደግሞ አፕልና ጉግል ተስማምተው፣ የአንዱ መሣሪያ በሌላው ስልክ እንዲታወቅ የሚያስችል የጋራ ደንብ በሥራ ላይ አዋሉ።

ነገር ግን መሣሪያው የተጠቃውን ሰውና ሌባውን ለይቶ አያውቅም። ሴቲቱን «የሚከተልሽ መሣሪያ አለ» ብሎ የሚያስጠነቅቀው ምልክት፣ ሌባውንም «በሰረቅኸው ብስክሌት ላይ ጠቋሚ አለ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ሌባውም ፈልጎ ነቅሎ ይጥለዋል። ማስጠንቀቂያው ይቅር ቢባል ብዙ ብስክሌት ይመለስ ይሆናል፤ ብዙ ሰውም በደባ ይታደናል። ይህን ውዝግብ ፈጽሞ የሚፈታ የምሕንድስና ጥበብ የለም፤ ያለው ምርጫ ብቻ ነው። አምራቾቹ ለሰው ደኅንነት ማድላታቸው ትክክለኛ ምርጫ ነው። ባለ ብስክሌት ግን የዚህን ምርጫ ውጤት ዐውቆ ሊገዛ ይገባዋል። ይህን የመሰለ መሣሪያ የሚጠቅመው ስርቆቱ በተፈጸመ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሊዘም ይችላል።

6. የማይነቀለው ምስክር

ጠቋሚው ተነቅሎ ሲጣል፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ ኩባንያው ሲከስር የሚቀር አንድ ምስክር አለ። እርሱም በቴላዮው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ቁጥር ባትሪ አይፈልግም፤ ማንንም አይከታተልም፤ ሌባው ቢፍቀው እንኳ የፋቀበት ጠባሳ ራሱ ይመሰክራል። ነገር ግን ቁጥር ያለ መዝገብ ጩኸት ያለ ሰሚ ነው።

ይህን የተረዱ አገሮች ብዙ ናቸው። በዴንማርክ የሚሸጥ ብስክሌት ሁሉ የቴላዮ ቁጥር እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ቁጥሩን ያላወቀ ባለቤትም ከኢንሹራንስ ካሣ ማግኘት ይቸግረዋል። በጃፓን ብስክሌት ማስመዝገብ ከ1994 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ በየብስክሌቱ ላይ የሚለጠፈውን የምዝገባ ምልክት ፖሊስ አይቶ ባለቤቱን ወዲያው ሊያውቅ ይችላል። በፈረንሳይ በታኅሣሥ 2019 በወጣው የመጓጓዣ ሕግ መሠረት፣ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነጋዴ የሚሸጠው አዲስ ብስክሌት ሁሉ መለያ ቁጥር ተቀርጾበት በብሔራዊ መዝገብ መግባት አለበት። በኔዘርላንድም ማንኛውም ገዢ ያገለገለ ብስክሌት ከመግዛቱ በፊት፣ ቁጥሩን በመንግሥት መዝገብ አስገብቶ የተሰረቀ መሆን አለመሆኑን ሊያጣራ ይችላል።

የእነዚህ መዝገቦች ዋና ጥቅም የተሰረቀውን ከማስመለስ ይልቅ ገበያውን ከሌባው ላይ መዝጋት ነው። ሌባ የሚሰርቀው ገዢ ስላለ ነው። ገዢው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩን ማጣራት ከቻለ፣ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ምክንያት ዋጋ ያጣል። የአገራችንም የወንጀል ሕግ የሚቀጣው የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የተቀበለውንና የሸሸገውንም ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ማወቁን ለማስረዳት፣ አስቀድሞ ማወቅ የሚችልበት መንገድ ሊኖር ይገባል።

7. የማኅበሩ አባላት ድርሻ

በአገራችን ብስክሌት እንግዳ ዕቃ አይደለም። እንደ ባሕር ዳር ባሉት ሜዳማ ከተሞች ሠራተኛውና ተማሪው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይገለገልበታል። የነዳጅና የትራንስፖርት ወጪ በከበደ ቁጥርም ፈላጊው መብዛቱ አይቀርም። ለብዙው ባለቤት ደግሞ ብስክሌቱ፣ እንደ አንቶንዮ ሁሉ፣ የእንጀራው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ከላይ ከተባለው ሁሉ ለአገራችን የሚስማማውን መለየት የመሐንዲሱ ፋንታ ይሆናል። በተለይም የሚከተሉት አራት ነጥቦች ለአባላት ውይይት ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ሕንፃ የሚነድፉ አባላት የመኪና ማቆሚያ እንደሚነድፉ ሁሉ የብስክሌት ማቆሚያም ሊነድፉ ይገባል። በጥበቃው ዐይን ሥር፣ በብርሃን ስፍራ፣ በኮንክሪት የተቀበረ የብረት ቀለበት ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ዋጋው ያነሰ፣ ጥቅሙ ግን የበለጠ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠቋሚ መሣሪያ የሚመርጥ ወይም የሚያስመጣ ባለሙያ ከዋጋው አስቀድሞ መረቡን ሊጠይቅ ይገባል። በብሉቱዝ የሚሠራው መሣሪያ ዋጋ የሚኖረው ምልክቱን የሚሰማው ዓይነት ስልክ በመንገዱ ላይ በብዛት ሲገኝ ነው፤ በአውሮፓ ከተሞች የተመሰገነ መሣሪያ፣ ያ ዓይነቱ ስልክ ጥቂት በሆነበት ከተማ ዲዳ ሊሆን ይችላል። በስልክ ካርድ የሚሠራውም ቢሆን በየትኛው ትውልድ መረብ እንደሚናገርና ባትሪው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሳይታወቅ መገዛት የለበትም።

ሦስተኛ፣ የስፍራ መረጃ የሰው ገመና መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ለሠራተኞቹ ብስክሌት አድሎ ጠቋሚ የሚያስርበት መሥሪያ ቤት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሠራተኛው የት እንደዋለ ለማወቅ ሥልጣን አላገኘም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን በመሰለው ጉዳይ የመረጃ ሰብሳቢውን ግዴታ ስለሚደነግግ፣ ሥርዐቱን የሚዘረጋ መሐንዲስ አዋጁን ሊያነበው ይገባል።

አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ ውድ ኮምፒዩተር አይጠይቅም። እያንዳንዱ ባለ ብስክሌት ዛሬውኑ ብስክሌቱን ገልብጦ ከፔዳሉ መሐል በታች የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ፣ ከፎቶግራፉና ከደረሰኙ ጋር ሊያስቀምጥ ይችላል። ቁጥር የሌለው ከሆነ በየሰፈሩ ያለ የብረት ሠራተኛ ይቀርጽለታል። ከዚያም የከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ ፖሊስና የብስክሌት ነጋዴዎች አንድ መዝገብ ቢጋሩ፣ ደላላውም ሆነ ጠጋኙ የመጣለትን ብስክሌት ቁጥር የሚያጣራበት መንገድ ያገኛል። የማኅበሩ አባላት ይህን መዝገብ ለመንደፍ ዕውቀቱ አላቸው፤ ለመጀመርም ከየመሥሪያ ቤታቸው ግቢ የተሻለ ስፍራ አያስፈልጋቸውም።

ክቡራትና ክቡራን፤

ሮም ከተማ ውስጥ ሌባውን አግኝቶ ባዶ እጁን የተመለሰው ሰው፣ ዛሬ ጠቋሚ መሣሪያ ቢኖረው ኖሮ ሌባውን ቶሎ ያገኘው ነበር። ብስክሌቱን ይዞ ለመመለስ ግን በሕግ ፊት የሚነበብ ቁጥር፣ የሚያምነው መዝገብና አብሮት የሚሄድ ፖሊስ ያስፈልገው ነበር። መሣሪያውን ፋብሪካ ይሠራዋል። የቀረውን የሚሠራው ኅብረተሰቡ ነው፤ በኅብረተሰቡም መካከል ነገሩ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሰበር የሚያውቀው መሐንዲስ ቀዳሚ ኃላፊነት አለበት።